የኖታው ራስጌ የማን ነው?

ባለፈው ሰኔ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ልጆችን ሙዚቃ ያስተምራል። ለትምህርት መዝጊያ ዝግጅት ልጆቹ የሚያቀርቧቸውን አሥራ ሁለት መዝሙሮች በኮምፒውተር በኖታ ጽፎ በትንሽ ጥራዝ ሊያባዛ ነበር። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ከኖታው ሥር ያለውን አማርኛ አንዴ እይልኝ» አለኝ። አየሁለት። ሁለት ቦታ የተገደፈ ፊደል አገኘሁ፤ አንድ ቦታ ደግሞ «ሀ» እና «ሐ» ተምታተዋል። አርመን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ላክነው።

በዝግጅቱ ዕለት ከተጋበዙት መካከል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ከመዝሙሮቹ የአንዱን ዜማ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ድሮ ሲያስተምሩ፣ ለተማሪዎቻቸው። ጥራዙን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ገጹን ፈልገው አገኙትና ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ወዳጄን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፖዘር የሚባለው ሰውዬ ማን ነው? ፈረንጅ ነው?»

በዙሪያቸው የነበርነው ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ዜማው የኔ መስሎኝ ነው» አሉ ዝግ ብለው። ጥራዙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌሮች አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ባዶ ወረቀት አይሰጧችሁም። አስቀድሞ የተሰናዳ ቴምፕሌት ነው የሚሰጧችሁ። ከላይ መሐል ላይ ለርዕሱ፣ በስተግራ ለግጥሙ ደራሲ፣ በስተቀኝ ለዜማው ደራሲ ቦታ ተይዟል። አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች ሰው እስኪሞላው ድረስ በእንግሊዝኛ «ኮምፖዘር»፣ ማለትም «የዜማ ደራሲ»፣ የሚል ቦታ መያዣ ቃል ያስቀምጡበታል። ወዳጄ ርዕሱን ሞላ፤ ቀኝ ጎኑን ረሳው። የኔም ዓይን ከኖታው ሥር እንጂ ከራስጌው አልነበረም። በዚህ መንገድ የመምህሩ ዜማ በዓለም ላይ ለሌለ ሰው ተሰጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያች የገጽ ጥግ ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የኖታ ራስጌ ጌጥ አይደለም። ማን እንደሚታወስና ማን እንደሚረሳ፣ ማን እንደሚከፈለውና ማን ባዶ እጁን እንደሚቀር የሚወሰንበት ቦታ ነው። ደግሞም እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የራሱ አገርና የራሱ ጠብ ያለው ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ስም ገበያ ሲያገኝ

ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የሚባል አታሚ በ1498 ከቬኒስ መንግሥት ሙዚቃን ለ20 ዓመት ብቻውን የማተም ፈቃድ አገኘ። በ1501 በአጭሩ «ኦዴካቶን» የሚባለውን መጽሐፍ አወጣ። 96 ሙዚቃዎችን ይዟል፤ ብዙ ድምፆች በአንድነት የሚሄዱበትን ሙዚቃ በተንቀሳቃሽ ፊደል በማተም የመጀመሪያው ነው። ሥራው አድካሚ ነበር። አንዱ ወረቀት ማተሚያው ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገባል፤ አንዴ ለመስመሮቹ፣ አንዴ ለኖታው፣ አንዴ ለቃላቱ። ወረቀቱ ጥቂት ከተንሸራተተ ኖታው ከመስመሩ ይወጣል፣ ዜማውም ይበላሻል።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዳንዱ ሙዚቃ ከራስጌው የደራሲ ስም አለው፤ አንዳንዱ የለውም። ያኔ ስም መጻፍ ግዴታ አልነበረም። በዓመቱ፣ በ1502፣ ፔትሩቺ የጆስካን ዴፕሬን የቅዳሴ ሙዚቃዎች ብቻ ለይቶ አሳተመ። የአንድ ደራሲን ሥራ ብቻ የያዘ የመጀመሪያው የሙዚቃ ኅትመት ይህ ነው። ስም ገበያ እንዳለው ታወቀ ማለት ነው።

ገበያ ያለው ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ጆስካን በ1521 ሞተ፤ በስሙ የሚወጣው ሙዚቃ ግን ከሞተ በኋላ እየበዛ ሄደ። ሰውዬው ከመቃብር ሆኖ ይበልጥ ተጋ እየተባለ በዚያው ዘመን ይቀለድበት ነበር። በስሙ ከቆዩት ከ300 በላይ ሥራዎች መካከል የብዙዎቹን ባለቤትነት የዛሬ ተመራማሪዎች ይጠራጠራሉ። ይህ ለጆስካን ክብር ነው እንበል። ከእያንዳንዱ የተሳሳተ ስም ጀርባ ግን ስሙ የጠፋበት ሌላ ሰው አለ።

🔹 የተፋቀው ስም

ቀጥሎ በመጣው ዘመን ኖታ የሚታተመው በብረት ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ ሆነ። ቀራጩ አምስት ጥርስ ባለው መሣሪያ መስመሮቹን ይጭራል፤ ከዚያ ኖታውንም ቃሉንም በመዶሻና በማኅተም እየመታ ያሰፍራል፤ ያውም ሁሉንም ገልብጦ፣ በመስታወት ውስጥ እንደሚታየው ከቀኝ ወደ ግራ። የተሳሳተ ነገር ካለ ሰሌዳው ይፋቃል፣ ይደለደላል፣ እንደገና ይመታል። ፍቀቱ ግን አንዳንዴ ርዝራዥ ይተዋል።

ይህ ርዝራዥ አንድ ሰው አስመልሷል። በ1777 ፓሪስ ውስጥ ባዬ የሚባል አሳታሚ ስድስት የሕብረ አውታር ኳርቴቶችን የጆሴፍ ሃይደን ናቸው ብሎ አወጣ። ከመካከላቸው አንዱ ውስጥ ያለው ዝግ ያለ ክፍል «የሃይደን ሴሬናድ» ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተወደደ። ወደ 190 ዓመት ገደማ እንዲህ ሲባል ኖሮ በ1964 አላን ታይሰን እና ሮቢንስ ላንደን የተባሉ ተመራማሪዎች የድሮውን ኅትመት በቅርብ ሲመረምሩ፣ ከሁለቱ ኳርቴቶች ራስጌ የተፋቀ ስም ርዝራዥ አዩ፤ ሆፍስቴተር ይላል። ሮማን ሆፍስቴተር በጀርመን አገር አሞርባኽ በሚባል ገዳም የሚኖር፣ ሃይደንን የሚያደንቅ መነኩሴ ነበር። ዛሬ ያ ተወዳጅ ዜማ የእሱ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አለው።

ልብ በሉ። ከኖታው ውስጥ አንዲት ነጥብ አልተነካችም፤ የተቀየረው ራስጌው ብቻ ነው። ራስጌው ሲቀየር ግን የመነኩሴው ሥራ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የሌላ ሰው ሆነ።

🔹 ካፌ ውስጥ የተነሣ ጠብ

እስካሁን ያየነው የስም ጉዳይ ነው። የገንዘቡ ጉዳይ የመጣው በ1847 ነው። ኤርነስት ቡርዤ የሚባል ፈረንሳዊ ግጥም ጸሐፊ ከሁለት የዜማ ደራሲ ጓደኞቹ ጋር ፓሪስ ውስጥ «አምባሳደር» በሚባል ካፌ ተቀምጧል። ካፌው ደንበኛ የሚስበው በሙዚቃ ነው፤ ከሚጫወቱት መካከል ደግሞ የእነሱ ሥራ አለበት። ሂሳብ ሲመጣ አንከፍልም አሉ። እናንተ ለኛ ሥራ ካልከፈላችሁ እኛ ለምን ለእናንተ መጠጥ እንከፍላለን ነው ነገሩ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲዎቹ ረቱ። ከዚያ ሙግት በ1851 «ሳሴም» የሚባለው የግጥም ደራሲዎች፣ የዜማ ደራሲዎችና የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ተወለደ። ገንዘብ ሰብስቦ ለማከፋፈል ደግሞ ማን ምን እንደሠራ መታወቅ አለበት። ግጥሙ የማን ነው? ዜማው የማን ነው? በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነትም በሥራው ላይ በተለመደው መንገድ ስሙ የሰፈረው ሰው፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ደራሲ ነው ተብሎ ይወሰዳል አለ። ከዚህ በኋላ የገጽ ጥግ ላይ ያለች ስም እንደ ይዞታ ካርታ ሆነች።

🔹 ቴምፕሌቱ ይህን ሁሉ ወረሰ

ኮምፒውተር ሲመጣ ሰሌዳውና መዶሻው ቀሩ፤ የገጹ ልማድ ግን አልቀረም። «ፊናሌ» በ1988 ወጣ። ፊን የሚባሉ መንታ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች የሠሩት «ሲቤሊየስ» በ1993 ተከተለ። በነፃ የሚገኘው «ሙዝስኮር» ሥራው በ2002 ተጀመረ። በ2012 የሲቤሊየስ የለንደን ቢሮ ሲዘጋ ከሥራ ከወጡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሌላ ድርጅት ገብተው «ዶሪኮ»ን ሠሩ፤ በ2016 ወጣ። በነሐሴ 2024 ደግሞ የፊናሌ ባለቤቶች ከ35 ዓመት በኋላ ሶፍትዌሩን ማሳደግ እንዳቆሙ አስታወቁ።

ሶፍትዌሮቹ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ራስጌው ላይ ግን ቤተሰብ ናቸው። ርዕስ መሐል፣ ግጥም ግራ፣ ዜማ ቀኝ፣ አቀናባሪ ካለ ከዜማው ደራሲ ሥር። ይህ የአውሮፓ ኖታ ቀራጮችና አሳታሚዎች ልማድ ነው።

አዲስ የመጣ ነገርም አለ። በሰሌዳው ዘመን ስም ገጹ ላይ ያለ ጽሑፍ ብቻ ነበር። አሁን ስሙ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው ዓይን የሚያየው ገጽ ላይ ነው። ሁለተኛው በፋይሉ ሆድ ውስጥ፣ ስለ ሥራው መረጃ በሚሞላበት ክፍል ነው። ዶሪኮን ብንወስድ የደራሲውን ስም በመረጃ ክፍሉ አንዴ ስትጽፉት ቴምፕሌቱ ራሱ እየሳበ በየገጹ ያሰፍረዋል። «ሙዚክ ኤክስኤምኤል» በሚባለው፣ ሶፍትዌሮች ኖታ በሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነትም የደራሲው ማንነት በአንድ ቦታ፣ ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ በሌላ ቦታ ነው የሚመዘገበው።

ይህ በረከትም እርግማንም ነው። በትክክል ከሞላችሁት ለሠላሳ ተጫዋቾች በሚታተመው ሠላሳ ወረቀት ላይ ስሙ ራሱን ችሎ ይወጣል። ከረሳችሁት ደግሞ ስህተቱ ሠላሳ ጊዜ ይባዛል። ገጹ ላይ ብቻ ጽፋችሁ መረጃውን ባዶ ከተዋችሁት፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲሄድ ስሙ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። የጥንቱ ፍቀት ርዝራዥ ነበረው፤ ባዶ የቀረ ሳጥን ግን ምንም ርዝራዥ የለውም።

🔹 የኛስ ራስጌ?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ትሉ ይሆናል። ግማሽ እውነት አላችሁ። እኛ የዜማ ጽሕፈት ያልነበረን ሕዝብ አይደለንምና።

ድጓ ገልጣችሁ ካያችሁ፣ ራስጌው ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። በቀይ ቀለም የተጻፈው ምልክት ለየትኛው በዓል እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዜማ እንደሆነ፣ ግዕዝ ይሁን ዕዝል ይሁን አራራይ፣ ቤቱም የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። «ማን ደረሰው?» አይልም። ትውፊቱ ድርሰቱን ለቅዱስ ያሬድ ከሰጠ በኋላ በየመስመሩ ስም መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? መሪጌታው ማወቅ የሚፈልገው ዜማው ከየት ቤት እንደሆነ ነው። ከቃሉ በላይ የሚሰፍሩት የፊደል ምልክቶችም ብዙዎቹ ከሌላ፣ አስቀድሞ ከሚታወቅ ቃል የተቆረጡ ናቸው። አንባቢውን «ይህን እንደዚያኛው በለው» ይሉታል። ምንጩን በየመስመሩ የሚጠራ ጽሕፈት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሥርዓት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ከምልክቶቹ መካከል ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ይገኙባቸዋል። ከ2005 ጀምሮ አሥር የዜማ ምልክቶቻችን በዩኒኮድ የኮምፒውተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷቸው ገብተዋል። ምልክቶቹ ኮምፒውተር ውስጥ ገቡ፤ «ቤቱ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የራስጌ ሳጥን ግን ከሶፍትዌር ጋር ተዘጋጅቶ አልመጣልንም።

ዘመናዊው ዘፈናችንም የራሱ ራስጌ ነበረው። የካሴት ሽፋን ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሦስት ሥራ፣ ሦስት ባለሙያ። እኛ ዘንድ አቀናባሪው ከዜማው ደራሲ ሥር የሚንጠለጠል ሰው አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሦስተኛ እግር ነው። ሬዲዮ ላይም «ግጥሙ የእገሌ፣ ዜማው የእገሌ፣ ቅንብሩ የእገሌ» ሲባል ነው ያደግነው። ይህ መልካም ልማድ ነው። ካሴቱ ሲሞት ሽፋኑም አብሮ ሞተና ስልካችን ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ቀረ።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ። የአሁኑን ብሔራዊ መዝሙር ሁላችንም እንዘምራለን። ዜማውን ማን ሠራው? ሰለሞን ሉሉ ምትኩ። ግጥሙን? ደረጀ መላኩ መንገሻ። ከእሱ በፊት የነበረው፣ በ1975 የወጣው፣ ዜማው የዳንኤል ዮሐንስ፣ ግጥሙ የአሰፋ ገብረማርያም ተሰማ ነው። የንጉሡ ዘመን መዝሙር ዜማ ደግሞ በ1924 ከአርባ ልጆች ጋር ወደ አገራችን የመጣው የአርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ስንቱን አወቃችሁ? እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። በየቀኑ ባንዲራ ሥር ቆመው የሚዘመሩት ሥራዎች እንዲህ ከሆኑ የጡረተኛ መምህር መዝሙርማ ምን ይሁን!

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ከገንዘብ መብቱ ሌላ የሥራው አመንጪነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ስም መጻፍ ውለታ አይደለም።

🔹 «የሕዝብ ነው» ስንል

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከባድ ስለሆነ ዘልዬው አልሄድም። «ብዙው ዜማችን የሕዝብ ነው። የግለሰብ ስም ሳጥን ውስጥ እንሙላ ካልን ያልደረሰው ሰው ይወስደዋል» ይባላል። እውነት ነው። የባሕል ዜማ አስተካክሎ «ዜማ፦ እኔ» ብሎ መጻፍ ሳጥኑን ባዶ ከመተው የባሰ ነውር ነው።

ግን «የሕዝብ» የምትለዋ ቃል አንዳንዴ የስንፍና መሸሸጊያ ናት። የሃንጋሪውን ቤላ ባርቶክን ተመልከቱ። እሱና ዞልታን ኮዳይ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በሰም ሲሊንደር እየቀረጹ በየመንደሩ የገበሬ ዜማ ሰበሰቡ። ባርቶክ ዜማውን በኖታ ሲያሰፍር ደራሲ ብሎ የራሱን ስም አልጻፈም፤ «የሕዝብ» ብሎም ብቻ አልተወው። የመንደሩን ስም፣ የዘፈነለትን ሰው ስምና ዕድሜ፣ የተቀረጸበትን ጊዜ መዘገበ። ያ ራስጌ «ማን ደረሰው?» ለሚለው መልስ የለውም፤ «ከማን አፍ ሰማኸው?» ለሚለው ግን አለው። ይህ ከድጓችን «ከየት ቤት ነው?» ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ይመስለኛል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ኖታ የምትጽፉ፣ መዘምራን የምታሠለጥኑ፣ የሙዚቃ ተማሪ የሆናችሁ፣ በውጭ አገር ለልጆች የአማርኛ መዝሙር በኖታ የምታዘጋጁም፣ ሶፍትዌሩ የሰጣችሁን ቴምፕሌት እንደ ሕግ አትቀበሉት። ይቀየራል። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚሉ ሦስት ቦታዎችን በአማርኛ አድርጉበት። የሕዝብ ዜማ ከሆነ የአካባቢውን ስም፣ ከማን እንደተማራችሁትና መቼ እንደሆነ ጻፉ። ስሙን ገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን በፋይሉ መረጃ ውስጥም ሙሉ። አንዴ አስተካክላችሁ በራሳችሁ ስም አስቀምጡት፤ ከዚያ ሁልጊዜ ይጠይቃችኋል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው።

ወዳጄ እንዲያ አደረገ። አዲሱን ጥራዝ ከማባዛታችን በፊት ወረቀቱን ይዘን መምህሩ ቤት ሄድን። ቡና ተፈላ። ይቅርታ ጠየቅናቸውና የስማቸውን አጻጻፍ እንዲያዩልን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ስማቸው በቀኝ በኩል፣ በደህና ፊደል ተጽፏል። ደስ ይላቸዋል ብለን ስንጠብቅ ጣታቸውን ወደ ግራው ባዶ ቦታ አስጠግተው፣

«የሱስ?» አሉ።

ግጥሙን የጻፈው አብሯቸው ያስተምር የነበረ ጓደኛቸው ነው። ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኛ ግጥሙም የእሳቸው መስሎን ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ስሙን ከነአባቱ ነገሩን፤ ወዳጄ እዚያው ላፕቶፑን ከፍቶ ጻፈው።

«የሱ ይቅደም» አሉ።

«በግራ በኩል ነው ጋሼ፤ ሲነበብ እሱ ነው የሚቀድመው» አላቸው።

«እንግዲያው ጥሩ ነው» ብለው ስኒያቸውን አነሡ።

እናንተስ? ስሙ ከራስጌው የጠፋ፣ እናንተ ግን የምታውቁት የዜማ ወይም የግጥም ባለቤት ካለ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ከነአባቱ ይሁን።